ከአበባ ሌላ ንብ ምን ትቀስማለች? የስድስት ጣባ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራው በስሞታ ተጀመረ። ከአጥሬ ማዶ ሦስት የወተት ላሞች ያሏቸው እማማ ዛሬ በማለዳ ደጄ ድረስ መጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ንቦችህን ምን ያህል ብታስርባቸው ነው የላም ሽንት የሚጠጡት?» ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አብሬያቸው ሄጄ ሳይ ግን ከበረቱ ወለል እስከ ፍግ ጉድጓዱ በሚዘልቀው ቦይ ዳር ሠላሳ ያህል ንቦች ተደርድረው፣ ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ ንጹሕ ውሃ የሞላበት የጥጃ ገንዳ እያለ፣ ምላሳቸውን ሽንት በጠጣው ጭቃ ውስጥ ሰድደው ይመጥጡ ነበር። ጥጃዋ በዚያ በኩል ስታልፍ ረግጣቸው ሁለት ጊዜ ተነድፋለች። እማማ ካሣ አልጠየቁኝም፤ «አንድ ነገር አድርግ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ቀፎዎቼ ሰባት ናቸው፤ አራቱ ዘመናዊ፣ ሁለቱ የሽግግር፣ አንዱ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት በእበትና በአመድ የተለሰነ ባህላዊ ቀፎ ነው። ቦታው ከሆለታ ወጣ ብሎ፣ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የሐሩር ምድር ብንሆንም ደገኞች ነን። ለንቦቹ በርሜል ሙሉ ንጹሕ ውሃ አቅርቤ፣ እንዳይሰምጡም እንጨት አንሳፍፌበት ነበር። ወደ በርሜሉ ተመልሼ ስቆጥር አራት ንቦች ብቻ አገኘሁ።

እኛ አናቢዎች የምንቆጥረው አበባ ብቻ ነው፤ አደይ መቼ ፈካ፣ ግራዋው መቼ ያብባል፣ ባሕር ዛፉ ዘንድሮ ይሰጣል ወይስ ይነሳል እያልን ዓመቱን እንዘልቀዋለን። የአበባ ወለላ ስኳር፣ የአበባ ዱቄት ደግሞ ፕሮቲን፣ ቅባትና ማዕድን ለኅብረ ንቡ ያስገኛል። ነገር ግን ተክል ለራሱ ሶዲየም ብዙም ስለማያስፈልገው በአበባው ውስጥ የሚያኖረው ፖታሲየም ብዙ፣ ሶዲየም ግን ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ተክልን ብቻ የሚበላ ፍጥረት፣ ላምም ሆነ ፍየል ወይም ንብ፣ ጨውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ከብት ወደ ሆራ፣ ወደ ጨዋማው ውሃ፣ የሚነዳበት፣ ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈር የሚቀርብለት ምክንያት ይኸው ነው፤ ለንብ ግን ሆራዋን የሚያሳያት እረኛ የላትም።

ጥር 27

ከገበያ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ስድስት የሸክላ ጣባዎች ገዛሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ንቦቹ የሚቆሙበት ጠጠር አድርጌ፣ ከቀፎዎቹ ሃያ አምስት እርምጃ ርቆ በሚገኝ አሮጌ አግዳሚ ላይ በአንድ መስመር ደረደርኳቸው፤ ጉንዳን እንዳይወጣም የአግዳሚውን እግሮች ውሃ በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምኩ። በጣባ ሀ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ተራ ውሃ፣ በጣባ ለ በሊትር 5 ግራም ጨው፣ በጣባ ሐ 10 ግራም፣ በጣባ መ 30 ግራም፣ በጣባ ሠ አንድ እጅ የላም ሽንት በአራት እጅ ውሃ፣ በጣባ ረ ደግሞ ስኳር በውሃ አለ። ጨው የተጠቀምኩት ለከብት ከሚሸጠው አሞሌ ወቅጬ ነው፤ የወጥ ቤቱ ጨው አዮዲን የገባበት ስለሆነ ንቦቹ ቢሸሹ ከየትኛው እንደሸሹ ለማወቅ ይቸግረኛል ብዬ ነው።

ቆጠራው በቀን ሦስት ጊዜ፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት፣ በየጊዜው ለአሥር ደቂቃ ይሆናል። የምቆጥረው አርፋ ምላሷን ያወጣችውን ብቻ ነው፤ ዞራ የሄደችው አትቆጠርም።

ጥር 30

ስኳሩን ማስቀመጤ ጥፋት ነበር። ያስቀመጥኩት ንቦቹ ወደ አግዳሚው መምጣታቸውን ለማረጋገጥ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን መረጋገጡ አልፎ ወረራ ሆነ። ጣባ ረ በንብ ተሸፍኖ ጠጠሩ ጠፋ፤ የተቀሩት አምስቱ ጣባዎች ቦታ አጥተው በተገፉ ንቦች ስለተሞሉ የቆጠርኩት ሁሉ ዋጋ የለውም። ይባስ ብሎ ስኳሩ ሲያልቅ ፈላጊዎቹ ወደ ደካማው የሽግግር ቀፎ ዞሩና ዝርፊያ ጀመሩ፤ መግቢያው ላይ የሚተናነቁትንና መሬት ላይ የሚንከባለሉትን ሳይ በሩን አንድ ንብ ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ በጭቃ አጠበብኩት፤ አመሻሽ ላይ ረገበ። የሦስቱን ቀን ቆጠራ ሰርዣለሁ፤ ጣባ ረ እስከ ሌላ ጊዜ ባዶ ይቆያል።

የካቲት 6

ሳምንቱን ሙሉ ቆጠርኩ። ባለ 10 ግራሙ ጣባ ሐ እና የሽንቱ ጣባ ሠ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጡ ነበር። ደስ ብሎኝ ትናንት የጣባዎቹን ቦታ ለዋወጥኩ፤ ሐ ወደ ሀ ቦታ፣ ሀ ወደ ሐ ቦታ ሄደ። በ3 ሰዓቱ ቆጠራ ላይ ንቦቹ ከቀፎ በቀጥታ መጥተው የቀድሞው የሐ ቦታ ላይ፣ ማለትም ተራው ውሃ ላይ፣ አረፉ። የለመዱት ቦታውን እንጂ ጨውን አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ድምር ግማሹ የቦታ ትዝታ እንደሆነ መቀበል አለብኝ።

ሆኖም ስሕተቱ ራሱ አንድ ነገር አሳየኝ። በአጉሊ መነጽር ተጠግቼ አንዲቷን ንብ ተከታተልኳት። ጠጠሩ ላይ አረፈች፤ ሁለቱን አንቴናዎቿን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጋ ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያ አንደኛውን የፊት እግሯን እርጥቡ ቦታ ላይ አስቀመጠች፤ ምላሷን እንደ ቀጭን ቡናማ ክር አውጥታ ገና ሳታጠልቀው መልሳ አጠፈችው። ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ተራምዳ ያንኑ ደገመች፤ በመጨረሻም ተነሥታ ጣባዎቹን አንድ በአንድ ዝቅ ብላ እየዞረች አዲሱን የሐ ቦታ አገኘችና እዚያ ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ጠጣች። ሆዷ እንደ ወናፍ ወደፊትና ወደኋላ ይል ነበር። ንብ በአፏ ብቻ ሳይሆን በአንቴናዋና በፊት እግሯ ጫፍ ጭምር ትቀምሳለች፤ የእግሯ መዳፍ ጨውን የሚለይ የጣዕም ፀጉር አለው። መጽሐፍ ላይ አንብቤው የማውቀውን ነገር እንዲህ ፊት ለፊት ማየት ሌላ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የጣባዎቹ ቦታ በየቀኑ በዕጣ ይወሰናል።

የካቲት 13

ዕጣው ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ሥዕሉ ጠራ፤ ግን እንደጠበቅሁት አንድ ወጥ አይደለም። ጠዋት በ3 ሰዓት፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ከሚመጡት ንቦች አብዛኞቹ በሐ እና በሠ ላይ ያርፋሉ፤ መ ጥቂት፣ ሀ ከሁሉ ያነሰ ያገኛል። በ9 ሰዓት ግን፣ ፀሐዩ ሲከርር፣ ወደ ተራው ውሃ የሚመጡት በእጥፍ ይጨምራሉ፣ ጨዋማው መ ደግሞ ባዶውን ይውላል ማለት ይቻላል። ሁለት ዓይነት ውሃ ቀጂ ያለ ይመስለኛል፤ የከሰዓቷ ቀፎውን ለማቀዝቀዝ ውሃ ትወስዳለች፣ የሰም እንጀራው ላይ ረጭተው በክንፍ ያራግቡታል፤ የጠዋቷ ግን እጭ ለሚመግቡት ሞግዚት ንቦች የሚሆን ነገር ትፈልጋለች። ስለ «ውሃ» በአንድ ቃል መናገራችን ራሱ ነገሩን ያደበዝዘዋል።

የከሰዓቱ ውጤት ላይ ግን ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ዛሬ ጣባ መን ሳነሣ ጠርዙ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ጋግሯል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨው እየጠነከረ ይመጣል፤ ጠዋት በሊትር 30 ግራም ያደረግሁት በ9 ሰዓት ስንት እንደደረሰ ማን ያውቃል? ሸክላ ደግሞ ውሃ ያሰርጋል። ጣባዎቹን ሁሉ በሰም ቀብቼ፣ ከላያቸው የሳር ዳስ ሠርቼ፣ ጠዋት የመዘንኩትን ክብደት በየቆጠራው በንጹሕ ውሃ እሞላለሁ። ይህን መጀመሪያ ማሰብ ነበረብኝ፤ ሰሙ ከራሴው ቀፎ ሆኖ ሳለ።

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ውሃ ቀጂ ንቦች ምላሳቸውን ይበልጥ የሚዘረጉት ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ለሚሆን ሶዲየም እንደሆነ፣ ፖታሲየምን ግን እንደሚሸሹ አሳይቷል። የእኔ ንቦች ከዚያ ላላ ያለውን የመረጡ ይመስላሉ። ጥናቱ ላይ ንቧ ታስራ አንቴናዋ ነው የሚነካው፤ እዚህ ግን ነጻ ሆና ታማርጣለች፣ ጎረቤትም የላም ቦይ አለላት። ስለዚህ ልዩነቱ አላስደነገጠኝም።

የካቲት 22

ጾሙ ከገባ ስድስተኛ ቀን ነው። ወደ ወፍጮ ቤት ሽንብራ ላስፈጭ ሄጄ ነበርና በመስኮቱ በኩል የሚገቡ ንቦች አየሁ። ወፍጮው ለሽሮ የተከካ ባቄላ ሲፈጭ በመውጫው ዙሪያ የሚቦነው ዱቄት ላይ ያንዣብባሉ፤ የወፍጮው ባለቤት እንዳሉኝ በየዓመቱ በዚህ ወቅት፣ አበባ ሲሳሳ፣ ይመጣሉ።

ይህ ለአገራችን አናቢ አዲስ አይደለም። በችግር ጊዜ ለንብ በሶ ወይም ሽሮ በጣባ ማቅረብ በየአካባቢው የተለመደ ነው፤ «ያነቃቃቸዋል» ብለው በርበሬ የሚጨምሩም አሉ። በርበሬው ላይ አልስማማም፤ የተቀመመ ሽሮ ውስጥ ያለውን ጨውና ቅመም ንቧ ለይታ መተው አትችልምና። እኔ ያልተቀመመ የሽንብራ ዱቄት ብቻ፣ በደንብ ነፍቼ፣ ደረቅ ሰፌድ ላይ አቀረብኩ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገኙት። አንዷ ዱቄቱ ውስጥ እንደ አህያ ትንከባለላለች፤ ደረቷና ሆዷ ነጭ ሲሆን ትነሣና ከሰፌዱ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ አየር ላይ ቆማ በፊት እግሮቿ ፊቷን ትጠርጋለች፣ ከአፏ ባወጣችው ወለላ ታርሰዋለች፣ በመካከለኛዎቹ ወደ ኋላ ታሳልፈዋለች፣ የኋላ እግሮቿን እርስ በርስ እያሻሸች እዚያው ባለው ዱቄት መሸከሚያ ቅርጫቷ ላይ ትደመድመዋለች። የአበባ ዱቄት ስትሰበስብ የምታደርገውን አንድም ሳታጎድል ነው የምታደርገው። ቀፎ መግቢያው ላይ ቆሜ ሳይ ከብጫው የባሕር ዛፍ ዱቄት መካከል ነጣ ያለ፣ ሊጥ የሚመስል ሸክም የያዙ ይገቡ ነበር።

ሆኖም ሽንብራ የአበባ ዱቄትን አይተካም። ንብ በራሷ ሰውነት የማትሠራቸው አሥር አሚኖ አሲዶች አሉ፤ እነርሱ በተመጣጠነ መጠን ካልተገኙ የጎደለው አንዱ የተቀሩትን ሁሉ ያስራቸዋል። ከዚህ ሌላ ንብ እንደ ሌሎቹ ነፍሳት ሁሉ ስቴሮል የተባለውን ቅባት ራሷ አትሠራም፤ የምታገኘው ከአበባ ዱቄት ነው። ስለዚህ ሰፌዱን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል አወጣዋለሁ፤ አበባ ሲመጣ ራሳቸው ይተዉታል።

መጋቢት 5

አንድ ጥያቄ ሲያንገበግበኝ ሰንብቷል። ጨው አይሸትም። ንቧ አርፋ ካልቀመሰችው በቀር ጨዋማውን ውሃ ከተራው በምን ትለየዋለች? ለሙከራው ጣባ ሐ ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ዘፍዝፌ ለአራት ቀን አቆየሁት፤ ሌሎቹን አላሸተትኳቸውም። ወደ ሐ የመጡ አሥራ ሁለት ንቦች ጀርባ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁ። ይህ በቀላሉ የሚሠራ አይደለም፤ ንቧ ጠጥታ እስክትጠግብ ስለማትነቃነቅ በክብሪት ጫፍ ለመንካት ያለው ዕድል ያቺ ደቂቃ ብቻ ናት፣ ሁለቷን ክንፏ ላይ አፍስሼባት አበላሽቻታለሁ። ምልክት የተደረገባቸው ንቦች ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይመለሱ ነበር።

ዛሬ ማለዳ አግዳሚውን ሙሉ በሙሉ አንሥቼ ከቤቱ ጀርባ፣ ንቦቹ ከማያውቁት ቦታ ላይ፣ ሁለት አዲስ ጣባ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ጨው የሌለው የጤና አዳም ውሃ፣ ሌላው ሽታ የሌለው ባለ 10 ግራም የጨው ውሃ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ጤና አዳሙ አሥራ አንድ ንቦች መጡ፣ አራቱ ባለ ነጥብ ናቸው፤ ወደ ጨዉ ሁለት ብቻ። ጤና አዳሙ ላይ ያረፉት በእግራቸው ነክተው፣ ጥቂቶቹ ምላሳቸውን ዘርግተው፣ ወዲያው ተነሡ። አንዷ ባለ ነጥብ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ማመን ያቃታት ትመስል ነበር። ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በአጋጣሚ ጨዉን ያገኙት እየተመላለሱ ሌሎች ተከተሏቸው፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጤና አዳሙ ባዶ ነበር። ጨዉ ላይ ካሉት አንዷ ሆዷን ቀና አድርጋ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ዕጢ ገልጣ፣ ክንፏን ስታራግብ አየኋት፤ «እዚህ ነው» የሚለውን ሽታ የምትበትነው በዚህ ዕጢ ነው። ቀፎ ውስጥ ደግሞ በጭፈራ ትናገራለች።

እንግዲህ የእማማ ቦይ በርሜሌን ለምን እንደረታው ገባኝ። ሽንት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የፍግ ጭቃ ሁሉም ከሩቅ ይሸታሉ፤ ሽታው ጨው ባይሆንም ጨው ካለበት ቦታ ጋር አብሮ የሚገኝ ምልክት ነው፣ ንቧም አንዴ ካጣመረችው አትረሳውም። የእኔ በርሜል አይሸትም፣ ቢገኝም ጨው የለውም። ንጹሕ በመሆኑ የምኮራበት በርሜል ለንቧ ባዶ ቤት ነበር።

መጋቢት 18

ባዶ የሰነበተው ጣባ ረ ሥራ አገኘ። ለሦስት ቀን የተጣራ የአመድ ውሃ፣ ለሦስት ቀን ደግሞ የተዘፈዘፈ ቦሌ አጥልዬ አደረግሁበት። አመድ ውሃ ፖታሲየም የበዛበት፣ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ንቦቹ በእግራቸው ነክተው ሸሹ፣ በሦስቱ ቀን ምላሷን ያጠለቀች አላየሁም። ቦሌው ላይ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እንደ ሐ ያህል ተሰለፉ፤ ቦሌው የሐይቅ ዳር አፈር ሽታ ስላለው በፍጥነት መገኘቱም አልገረመኝም። የሚፈልጉት ጨው ሁሉ አንድ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር በእጄ የለም።

መጋቢት 28

ዝናብ ጣል አድርጎ ነበርና ዛሬ ቆጠራ የለም። በአጥሩ ሥር ያለው ጉሎ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ቅጠሉ ከአገዳው በሚገናኝበት ቦታ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ እብጠቶች አሉ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ጠብታ። በምላሴ ቀመስኳት፤ ጣፋጭ ናት። ሦስት ንቦች ከጉንዳኖች ጋር እየተሻሙ ከዚያ ይልሱ ነበር፤ ጉሎው ላይ ግን ገና አንድም አበባ የለም። ብሳናም በቅጠሉ ሥር ሁለት እንዲህ ያሉ ዕጢዎች አሉት፣ የባቄላ ግንድ ላይ በየቅጠሉ እቅፍ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦችም ወለላ ያመነጫሉ። ተክሉ ይህን የሚያወጣው ተባይ የሚያባርሩለትን ጉንዳኖች ለመቅጠር ነው፤ ንቧ ያልተጠራችበት ግብዣ ላይ ነው የምትገኘው።

ሚያዝያ 6

ጣዝማ ላይ ለመሞከር ሄድኩ፤ አልተሳካልኝም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በግጦሽ መሬታቸው ውስጥ ያለ ጎጆ አሳዩኝ፤ መሬቱ ላይ የጣት ውፍረት የማይሞላ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከውስጡ የጥቃቅን ንቦች ራስ ብቅ ይላል። ጣዝማ መንደፊያ የላትም፤ ጎጆዋን በመሬት ውስጥ ስለምትሠራ ለመድኃኒት የሚፈለገውን ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ ማሯን የሚሻ ሰው ቆፍሮ ጎጆውን ያጠፋዋል። ጣባ ሐን እና ጣባ ሀን ቀዳዳው አጠገብ አስቀምጬ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ፤ አንድም አልመጣችም። መንደፊያ አልባዎቹ በዓለም ዙሪያ ላብና እንባ በመሻት የታወቁ ናቸው፤ በታይላንድ ጥቃቅን ዝርያዎች ከሰው ዓይን እንባ ሲጠጡ ተመዝግቧል፣ እንባ ደግሞ ጨው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲንም አለበት። የእኛዋ ግን ያን ዕለት ጉዳይዋ ሌላ ነበር። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ በጥቅምት ና» አሉኝ። እመለሳለሁ።

ሚያዝያ 15

ትንሣኤ ባላሰብኩት በኩል ረዳኝ። እሑድ የታረደውን በግ ቆዳ፣ ዋጋ ካጣ ወዲህ ብዙ ሰው የሚጥለው ቢሆንም፣ እናቴ «ቆዳ አይጣልም» ስላለች ጨው አሽተን በጓሮ አጣና ላይ ሰቅለነው አደርን። ሰኞ ጠዋት ከቆዳው ታችኛ ጫፍ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ባረሰው አፈር ላይ ከሃምሳ የማያንሱ ንቦች ነበሩ፤ የቆዳው ጠርዝ ላይም ሥጋው በተገፈፈበት በኩል፣ ጨዉ ቀልጦ ውሃ በቋጠረባቸው እጥፋቶች ውስጥ፣ ጎን ለጎን ቆመው ይጠጡ ነበር። በሦስት ወር ቆጠራዬ፣ ከስኳሩ ወረራ በስተቀር፣ አንድ ጣባ ላይ በአንድ ጊዜ ከሃያ ሁለት በላይ አይቼ አላውቅም።

እናቴ ወዲያው፣ «ሥጋም ይበላሉ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ «የእኛዎቹ አይበሉም» ነው፤ ለማረጋገጥ ግን ጨው ያልነካው ቁራጭ ሥጋ ከአጣናው አጠገብ ሰቀልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ዝንብና ተርብ ወረሩት፤ ከንቦቼ አንዷም አላረፈችበትም። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ግን ከመንደፊያ አልባዎቹ ትሪጎና ወገን የሆኑ ሦስት ዝርያዎች የአበባ ዱቄትን ፈጽሞ ትተው የሞተ እንስሳ ሥጋ የሚበሉ ናቸው። ይህን በ1982 እ.ኤ.አ. ከፓናማ የገለጠው የንብ ተመራማሪው ዴቪድ ሩቢክ ነው። ሬሳውን በዓይኑ ቀዳዳ በኩል ገብተው ሥጋውን በምራቃቸው እያሟሙ ይወስዱታል፤ ዱቄት መሸከሚያ ቅርጫታቸውም ከሥራ ውጭ ስለሆነ እጅግ አንሷል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች በኮስታ ሪካ ጥሬ ዶሮ ዛፍ ላይ ሰቅለው የመጡትን ንቦች አንጀት ሲመረምሩ፣ እንደ ጥንብ አንሣ ሁሉ፣ አሲድ የሚወዱ ባክቴሪያዎችን አግኝተውበታል። ብዙ ንቦች በአበባ በሚሻሙበት ሞቃት ደን ውስጥ የአበባ ውድድርን ትቶ ሥጋ ላይ መሰለፍ የማይመስል ነገር አይደለም።

ለእኔ ሥራ የሚጠቅመው ግን ቆዳው ነው። ሽታ አለው፣ እርጥብ ነው፣ ጨው አለው፤ ሦስቱም በአንድ ቦታ ሲገኙ የሽንቱ ቦይ ያን ጠዋት ስምንት ንብ ብቻ ነበረው፤ እማማ ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ።

ሚያዝያ 29

ቋሚው ገንዳ ዛሬ ተሠርቶ አለቀ። ከቀፎዎቹ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ከበረቱ በተቃራኒ በኩል፣ አሮጌ የእንጨት ገበታ በሰም ቀብቼ፣ ጠጠርና አሸዋ ሞልቼ፣ በአንደኛው ጫፍ ተራ ውሃ፣ በሌላው ጫፍ በሊትር 10 ግራም የሆነ የቦሌና የአሞሌ ውሃ በተበሳ ጀሪካን እንዲንጠባጠብ አደረግሁ። ሁለቱ ጫፎች እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ጭቃ ደልድያለሁ። ጨዋማው ጫፍ ላይ የጤና አዳም ችግኝ ተከልኩ፤ ንቦቹ ሽታውን ያውቁታልና። ጨውን ከስኳር ውሃ ጋር ቀላቅሎ ቀፎ ውስጥ መስጠት ግን በፍጹም አላደርገውም፤ ምግቧ ውስጥ የበዛ ጨው ዕድሜዋን ያሳጥረዋል፣ በተለየ ገንዳ ሲቀርብላት ግን የምትፈልገውን ያህል ወስዳ ትተወዋለች።

የበረቱ ቦይ ላይ ያለፉት አምስት ጠዋቶች ቆጠራ እንዲህ ነው፦ 14፣ 9፣ 11፣ 6፣ 5። በጥር ከነበረው ሠላሳ ጋር ሲነጻጸር መልካም ነው፤ ግን ዝናቡም እየጨመረ ስለሆነ ሁሉንም ለገንዳው አልሰጠውም። እማማ በቦዩ ላይ ጣውላ እንዲጋደም ፈቅደውልኛል፣ ጥጃዋም ከዚያ ወዲህ አልተነደፈችም።

ግንቦት 13

ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ። ግቢው ሁሉ ኩሬ ሆኗል፤ ገንዳው ላይ በ3 ሰዓት ሁለት ንቦች፣ በ6 ሰዓት አንድም የለም። የቀፎ መግቢያዎቹ ላይ ግን ከብሳናው የመጣ የአበባ ዱቄት የጫኑ ንቦች ይጋፋሉ። ጣባዎቹን አጥቤ ቆጥ ላይ ሰቀልኳቸው፤ አምስት ናቸው፣ ጣባ መ ጨዉ ሸክላውን ሰነጣጥቆት ስለፈረሰ ለጥቅምት ሌላ መግዛት አለብኝ።